የምትጽፉበት እጅ

ጥቅምት 3

ቤተ ሙከራው ውስጥ ተራ ቀን። ጠርሙስ አጠብኩ፣ ማቀዝቀዣውን አጸዳሁ፣ ቀናቸው ያለፈባቸውን ዕቃዎች ለይቼ ጣልኩ። ቦርሳዬን ላነሳ ስል ፕሮፌሰሯ ጠሩኝ። «በሩን ዝጊው» አሉ። በር ዝጊ ስባል መጀመሪያ የማስበው «ምን ሰበርኩ?» ነው። ሰሞኑን ግን ምንም አልሰበርኩም...

«በዚህ ዙር ትልቁ ማሽን ላይ ናሙናውን የምትጭኚው አንቺ ነሽ። መዝገቡንም የምትይዢው አንቺ።»

እኔ?!

«ከተሳካ ስምሽ ጽሑፉ ላይ ይገባል። ምስጋናው ጋ አይደለም። ከላይ፣ ከእኛ ጋር።»

ስምንት ዓመት ምስጋናው ውስጥ ኖሬያለሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «ስላደረገችልን ትብብር»። ሁለት ጊዜ ስሜን አሳስተውታል። አንዴማ «ስላደረገልን» ብለው ወንድ አድርገውኛል። አሁን ከላይ! ክንፍ አውጥቼ ቤት ገባሁ።

አባዬ እጅ መታጠቢያው ሥር ተንበርክኮ አገኘሁት። ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ግን አርባ ዓመት ቧንቧ የገጠመ ሰው፣ ቤቱ ውስጥ የሚያንጠባጥብ ነገር ሲያጣ ራሱ ፈትቶ ያንጠባጥበዋል። እማዬ «የምን ማሽን ነው?» አለች። ራጅ ነው አልኳት። ግን የሚነሳው ሰው ሳይሆን ባክቴሪያ ነው።

«ምን ሆኖ?»

«ምንም አልሆነም እማዬ።»

«ደህና ከሆነ ራጅ ምን ያደርግለታል?»

ከመታጠቢያው ሥር ሳቅ ተሰማ። አስረዳኋት። ሕዋሱን ሳንቆርጠው፣ ቀለም ሳንቀባው፣ እንዳለ ውስጡን እናያለን። አንድ ጊዜ ብቻ ቢነሳ ጥላ ነው፤ ሁሉም ነገር ላይ በላይ ይደራረባል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እያዞርን መቶ ሰማንያ ጊዜ እናነሳዋለን። ኮምፒውተሩ ጥላዎቹን ሰብስቦ ፊትና ኋላ፣ ጎንና ጎን ያለው አካል ያደርጋቸዋል።

«መቶ ሰማንያ ጊዜ? ራሱን አያዞረውም?»

ይህችን ሴት እወዳታለሁ። እራት ስንበላ ማንኪያ ሳነሳ ግን እንደ ልማዷ «በቀኝሽ!» አለች። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ግራኝ ሆኜ ተወልጃለሁ፣ ግራኝ ሆኜ እሞታለሁ። ሠላሳ ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረች ሰው ግን ተስፋ አትቆርጥም።


ጥቅምት 5

የተሰበረ ቱቦ፦ አሥራ አንድ። ናሙናው የሚጫንበትን «ቱቦ» የሚሉት ለማባበል ነው እንጂ የብርጭቆ ፀጉር ነው። ትንፋሼን ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ስተነፍስ ቱቦው በርሮ ይሄዳል።


ጥቅምት 6

የተሰበረ፦ አራት። እሰይ!


ጥቅምት 9

ሕዋሶቼ አምረው አድገዋል። የሚያድጉበት ሾርባ ደፍርሷል። ለኛ ድፍርስ ማለት ምቾት ነው።

ፈሳሽ የምመጥባት ፒፔቴ ለጥገና ስለሄደች የአቶ ጥምዝን ተዋስኩ። የጠረጴዛ ጎረቤቴ ነው። ስሙን ያወጣንለት የሚያሳድጋቸው ባክቴሪያዎች እንደ ስፕሪንግ የተጠማዘዙ ስለሆኑ ነው። ያውቃል፤ እንዲያውም ይኮራበታል። ሰላም ሲባል እንኳ ስለነሱ ነው የሚመልሰው።

«የኔ ልጆች ሁሉም ወደ ቀኝ ነው የሚጠመዘዙት። ሁሉም! ሃያ ዓመት አይቻለሁ። ግራ የዞረ አንድ አሳዪኝና ይህን ጢም እላጨዋለሁ።»

ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል። ደፋር ነው።

«ፒፔቷን አጥበሽ መልሺ» አለኝ። አጥቤ መለስኩ።


ጥቅምት 14

ትልቁ ማሽን! በዓመት ሦስት ቀን ነው ተራ የሚደርሰን። ሕንፃው ክብ ነው፤ አንዴ ዙሪያውን ለመሄድ አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ (ሽንት ቤቱን ስፈልግ ነው)። ውስጡ ኤሌክትሮኖች እየተሯሯጡ ይዞራሉ፤ በታጠፉ ቁጥር ጨረር ይረጫሉ። እኛ ያን ጨረር በቀጭኑ ተቀብለን ፀጉሯ ቱቦ ላይ እናሳርፋለን። ለአንድ ባክቴሪያ ይህ ሁሉ ሕንፃ... ቢያውቅ ይቀብጥ ነበር።

ሕዋሶቹን አቀዘቀዝኳቸው። እጅግ ቀዝቃዛው ፈሳሽ ጭስ ይተፋል፤ ቱቦዋን ነከር፣ አለቀ። በጣም ከመፍጠኑ የተነሳ ውሃው በረዶ ለመሆን እንኳ ጊዜ አያገኝም። ሁሉም ነገር በነበረበት ቀጥ ይላል። አንዱ ለሁለት እየተከፈለ ከነበረ እየተከፈለ እንዳለ ይቀራል።

ጫንኩ። አልሰበርኩም! እጄ እንደ ድንጋይ ነበር። 

ከዚያ መዝገቡ። ሰዓት፣ ቅዝቃዜ፣ የሥዕል ብዛት፣ የመዞሪያ አቅጣጫ። ማሽኑ ቱቦዋን በሁለቱም በኩል ያዞራል፤ እንደሚያንቀሳቅሰው ሰው፣ እንደ ኦፕሬተሩ አመል ነው። ፕሮፌሰሯ ሰው ሁሉ አቅጣጫ ላይ ስለሚሳሳት የመዝገቡ ሽፋን ላይ በገዛ እጃቸው ደንብ ጽፈዋል፦ «የምትጽፉበትን እጅ ቱቦ እንደጨበጠ ሰው አድርጉ። አውራ ጣት ወደ ላይ። ቱቦው ጣቶቻችሁ ወደሚታጠፉበት ከዞረ ቀኝ፣ በተቃራኒው ከዞረ ግራ ብላችሁ ጻፉ።» ቃል በቃል ተከተልኩ። አየር ጨበጥኩ። ኦፕሬተሩ አሮጊት ጸሎት ላይ እንዳገኘ ሰው ዝም ብሎ ጠበቀኝ። «ግራ» ብዬ ጻፍኩ።


ጥቅምት 15

አየሁት!!!

ከየት ልጀምር? ሦስት ሺህ ቢሰለፉ አንድ የሩዝ ፍሬ ነው የሚያክሉት። የዚያ የአንዱ ውስጥ... ገባሁበት። በቃ ሌላ ቃል የለኝም። የኮምፒውተሩን ማውስ በጣቴ ስገፋ ግድግዳው አለፈ፤ ውስጥ ነኝ። የስብ ጎተራው ሁለት ጥቁር እንክብል ሆኖ ጥግ ተቀምጧል። መሃል ላይ ደግሞ ዘሩ የተጻፈበት ገመድ፣ ዲኤንኤው፣ ተጠቅልሎ። እንደ ተወረወረ ክር የተዝረከረከ መስሎኝ ነበር። የለም! ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጠመዘዘ ነው፣ ደልቶት፣ በሥርዓት። ማንም ሳይቆርጠው ይህን ያየ የለም አሉ ፕሮፌሰሯ። 

እኔ ኦፕሬተሩን አቀፍኩት። ስሙን እንኳ አላውቅም። ቀጥ ብሎ ቆሞ ታቀፈልኝ፣ ከዚያ «ቀጣዩን ልጫን?» አለ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ስወጣና ስገባ ዋልኩ። ምሳ ረሳሁ። እኔ! ምሳ!


ጥቅምት 16

ኡፍ።

ከሁሉም ያማረው ሥዕል ጥግ ላይ እንግዳ አለ። የኔ ሕዋሶች አጭርና ወፍራም ናቸው። ይሄ ረጅም፣ ቀጭን፣ እንደ ስፕሪንግ የተጠማዘዘ... የአቶ ጥምዝ ልጅ! በኔ ቱቦ ውስጥ ምን ይሠራል? ከዚያ ገባኝ። ፒፔቷን አጥቤያለሁ፤ ከመመለሴ በፊት። ከመጠቀሜ በፊት አይደለም።

የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ቆሻሻ። ፕሮፌሰሯ ቢያዩት «ናሙናው ንጹህ አይደለም» ይላሉ፤ ስሜም ተመልሶ ወደ ምስጋናው ይወርዳል።

ጥጉን ቆርጬ ጣልኩት። ፋይሉ አሁን ያምራል። ሙሉው ግልባጭ የኔ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው ያለው። ለማንም ምንም አልጎዳሁም... አይደል?


ጥቅምት 24

ፕሮፌሰሯ ወንበራቸው ላይ ቆመው ነበር! ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው!

«ግራ ነው! ገመዱ ወደ ግራ ነው የሚጠመዘዘው!»

ግራ የገባኝ እኔ ነኝ። ምን ያስደንቃል? አስረዱኝ። ዓለም ሁሉ በስሌት ብቻ «ወደ ቀኝ መሆን አለበት» ሲል ኖሯል። ዓይቶ ያረጋገጠ የለም። እኛ አየን፤ ያየነውም ተቃራኒውን ነው። ኅዳር 12 ትልቁ ስብሰባ ላይ ያቀርቡታል። ርዕሱም ተልኳል፦ «ወደ ግራ»። የአቅራቢዎቹ ዝርዝር ላይ ስሜን ሦስተኛ አድርገው አሳዩኝ። ሦስተኛ! ፊደሉም አልተሳሳተም። አጉልቼ አየሁት። አሳንሼም አየሁት።


ጥቅምት 27

ሥዕሉን ለቤተሰብ አሳየሁ። ላፕቶፑን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አዞርኩላቸው። በደስታ ብዛት የከፈትኩት ሙሉውን ነበር፣ እንግዳው ያለበትን። ምን ያውቃሉ ብዬ ተውኩት።

እማዬ «ውይ፣ ሲያምር! ራጁስ ምን አለ?» አለች።

«ጤነኛ ነው እማዬ።»

«ተመስገን።»

አባዬ መነጽሩን አደረገ። ብዙ አየ። ገመዱን በጣቱ ተከተለ፣ ከዚያ ጥጉ ላይ ያለውን እንግዳ ተከተለ።

«ሁለቱም የግራ ጥርስ ናቸው።»

«ምን ማለት ነው አባዬ?»

ተነስቶ ከመሣሪያ ሣጥኑ ብሎን አመጣ። ብሎን ያለ ወሬ አይሆንለትም። «ይኸው። ወደ ቀኝ ስታዞሪው ይጠብቃል። ዓለም ላይ ያለ ብሎን ሁሉ እንዲህ ነው ማለት ይቻላል። የግራ ጥርስ የምታገኚው የጋዝ ሲሊንደር ላይ ነው፣ ሰው እንዳይሳሳት ተብሎ። ይሄኛውም ግራ፣ ያኛውም ግራ። ጋዝ ነው እንዴ የሚጠጡት?»

«ገልብጠህ እያየኸው ይሆናላ!»

«ብትገለብጪውም ያው ነው።» ብሎኑን በራሱ አቆመው፤ እውነትም ጥርሱ በዚያው በኩል ነው የሚወጣው። «ቀኝ ብሎን ግራ የሚሆነው አንድ ቦታ ብቻ ነው።» ወደ ኮሪደሩ መስታወት ወስዶ አሳየኝ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ብሎን ግራ ነው።

ሳቅኩ። ጉድ ነው አባዬ።


ጥቅምት 28

አልስቅም።

ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ። ጭንቅንቅ። በግራ እጄ የቆመውን ብረት ይዣለሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ ደግሞ የአባዬ ድምፅ፦ «ሁለቱም ግራ»። ቆይ... ሁለቱም? እንግዳው የአቶ ጥምዝ ልጅ ነው። የአቶ ጥምዝ ልጆች ሁሉም ቀኝ ናቸው። ሃያ ዓመት። በጢሙ ተወራርዷል። የኔ ሥዕል ላይ ግን ግራ ሆኗል። መስታወት ውስጥ እንዳለ ብሎን።

ልክ ያኔ አንዲት ሴትዮ ከእጄ በላይ ያንኑ ብረት ጨበጡ። በቀኝ እጃቸው። የሳቸውም አውራ ጣት ወደ ላይ፣ የኔም ወደ ላይ። ጣቶቻችን ግን... የሳቸው በዚያ በኩል፣ የኔ በዚህ በኩል ነው ብረቱን የሚዞሩት። ተቃራኒ! አፌን ከፍቼ እጃቸውን ሳይ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። ሌባ መሰልኳቸው።

ቢሮ እንደገባሁ መዝገቡን አነሳሁ። «የምትጽፉበትን እጅ...»

የምጽፍበት እጅ ግራ ነው!

ፕሮፌሰሯ ይህን ሲጽፉ ቤተ ሙከራው ውስጥ ግራኝ አልነበረም። ቀኝ ማለታቸው ነው። እኔ ግን ቃል በቃል ታዘዝኩ፤ በግራ እጄ ለክቼ፣ ወደ ቀኝ የሚዞረውን ቱቦ «ግራ» አልኩት። ኮምፒውተሩ ያልኩትን አምኖ ዓለሙን ሁሉ ገልብጦ ገጠመው። ገመዱ ቀኝ ነው። ሁልጊዜም ቀኝ ነበር። ግራው እኔ ነኝ።

«የምትጽፉበት እጅ»... ደግሞ የማነው ይህ አነጋገር? ታወሰኝ። አንደኛ ክፍል። ጥቁር ሰሌዳው ፊት፣ ነጭ ጋወን ለብሳ፦ «ቀኝ እጃችሁ የምትጽፉበት ነው! አንሱት!» ክፍሉ ሁሉ ቀኙን አነሳ። እኔ ግራዬን። መምህርቷ እማዬ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግራና ቀኝ ይምታታብኛል... ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን በራሴ ላይ ስደፈድፍ ኖርኩ!


ጥቅምት 29

አልተናገርኩም። ፕሮፌሰሯ አዲስ ጫማ ገዝተዋል፣ ለስብሰባው።


ጥቅምት 30

አስቤዋለሁ። ማንም አያውቅም። ምስክሩ ያ እንግዳ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ቆርጬ ጥያለሁ። ዝም ብል ስሜ ሦስተኛ ሆኖ ይወጣል። አባዬ በፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።

ከዚያስ? አንድ ቀን ሌላ ሰው አጥርቶ ያነሳና «ቀኝ ነው» ይላል። አዲሱን ጫማ አድርገው ቆመው የዋሹት እሳቸው ይሆናሉ። ሳያውቁ። እኔ እያወቅኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትላለች እማዬ። እያደር ከመጥራቱ በፊት እኔው ባጠራው ይሻለኛል። ነገ።


ኅዳር 1

ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገባሁ። በሩን ራሴ ዘጋሁት።

«ፕሮፌሰር፣ ሁለት ነገር አጥፍቻለሁ።»

«አንዱን ንገሪኝ።»

«አንዱን ብቻ ብነግርዎት አይገባዎትም።»

ላፕቶፑን ከፍቼ እንግዳውን አሳየኋቸው። ስለ ፒፔቷ ነገርኳቸው። ስለ መቁረጤ ነገርኳቸው። ስለ አቶ ጥምዝ ጢም፣ ስለ አባዬ ብሎን፣ ስለ አውቶቡሱ ብረት። ቅደም ተከተሉ ይጠፋብኝ ነበር። አላቋረጡኝም።  

ሲያልቅ እስክሪብቶ ሰጡኝ። «ጻፊ።»

«ምን ልጻፍ?»

«የፈለግሽውን።»

«ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ቃሉን አላዩም። እጄን ነው የሚያዩት።

«ግራኝ ነሽ!»

«አዎ።»

«ስምንት ዓመት! ስምንት ዓመት አጠገቤ ጻፍሽ... እኔ ሰው የማያየውን አያለሁ ብዬ የምኮራው!» ሳቅ ያዛቸው። ቀስ ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ሳቅ አመለጠኝ፣ ከእንባ ጋር ተቀላቅሎ። ሁለታችንም አውራ ጣታችንን ወደ ላይ አድርገን አየር እየጨበጥን ስንስቅ ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «አቅጣጫው የኔ ስህተት ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መቁረጥሽ ግን ያንቺ ነው። እሱ አያስቅም። ሥዕል ላይ የማይፈለግ ነገር የለም። ዳግመኛ እንዳይለምድሽ።»

«እሺ።»

ስለ ስሜ ምንም አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም። ጠይቄስ?

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የኔ አነጋገር ነው ማለት ነው?» አለች። «ሠላሳ ዓመት... ስንቱን ልጅ አሳስቼ ይሆን?» ለመሳቅም ለማዘንም አልተመቻትም። አባዬ «የጋዝ ሲሊንደር አድርገሻቸዋል» አላት።


ኅዳር 2

ኮምፒውተሩ ስሌት ውስጥ አንድ ምልክት ቀየርን። መደመር የነበረውን መቀነስ። ሃያ ደቂቃ። በቃ! ዓለም ተስተካከለ። እንግዳው ቀኝ፣ ገመዱም ቀኝ።

ከመቀየራችን በፊት ግን ፕሮፌሰሯ «አቶ ጥምዝን ጥሪልኝ» አሉ። ተንኮለኛ ናቸው፤ እስከዛሬ አላውቅም ነበር። መጣ። የድሮውን ሥዕል አሳዩት። «ይህን ታውቀዋለህ?»

«የኔ ልጅ ነው! እናንተ ጋ ምን...» ቀረብ ብሎ አየ። ፊቱ ጠቆረ። ሳያውቀው ጢሙን በሁለት እጁ ያዘ። «አይሆንም። ይሄ... ይሄ ግራ ነው። ሃያ ዓመት!»

«ምላጭ ላስመጣልህ?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

አሳዘነኝ፤ ቶሎ ብዬ ነገርኩት። ወንበር ላይ ዘጭ አለ። «ልጄን ግራ አጋባችሁት!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ፒፔቷን ሳላጥብ መጠቀሜ ትዝ አለው፤ ለዚያም ለብቻው ተቆጣ። ሁለተኛ አያውሰኝም። ልክ ነው።


ኅዳር 8

ርዕሱ ተቀየረ። «ወደ ግራ» ወጥቶ «ወደ ቀኝ» ገባ። አንድ ቃል። ግን ፕሮፌሰሯ አሁን ወንበር ላይ አይቆሙም። ሁሉም የገመተው ሆነ። የመጀመሪያው ሥዕል የኛ መሆኑ አልቀረም... ግን ወሬው ቀነሰ። አዝናለሁ። ትንሽ። ገመዱ ግን አላዘነም፤ እንደነበረው ነው።


ኅዳር 12

ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። በደስታ!

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፕሮፌሰሯ አቀረቡ። እኔ መጨረሻ ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ካልተሳካ ለማምለጥ። ሥዕሉ ሲዞር ሰው ሁሉ «ኧረ!» አለ። ከዚያ ጥያቄ። መሃል ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሱ፤ ሲነሱ ሌሎቹ ጸጥ አሉ፣ የሚፈሩ ሰው መሆን አለባቸው።

«አንድ ነገር ብቻ። ይህ ሥዕል መስታወት ውስጥ እንዳለ ተገልብጦ እንዳልሆነ በምን ታውቃላችሁ? እኔ ራሴ በወጣትነቴ በዚህ ስህተት ሦስት ዓመት አጥቻለሁ።»

 እንግዳው እንደቆረጥኩት ቀርቶ ቢሆን ኖሮ... መልስ አይኖረንም ነበር! ቀኝም ብንል ግራም ብንል፣ በምን?

ፕሮፌሰሯ ፈገግ አሉ። «ይህን የምትመልሰው ናሙናውን የጫነችው ናት። እዚያ፣ በሩ ጋ።»

እኔ?!

ተነሳሁ። ያን ያህል ዓይን አይቼ አላውቅም። ጥጉን አጉልታችሁ እዩት አልኩ። እዚያ ያለው እንግዳ ከጎረቤቴ ጠረጴዛ የመጣ ነው፤ መምጣት አልነበረበትም፣ ፒፔት ሳላጥብ ነው። ሁልጊዜ ወደ ቀኝ እንደሚጠመዘዝ ይታወቃል። እሱ ቀኝ ከሆነ ሥዕሉ አልተገለበጠም። መጀመሪያ ግን ግራ ሆኖ ነበር የወጣው፤ ምክንያቱም... እጆቼን አነሳሁ። ሁለቱንም። አውራ ጣት ወደ ላይ። «ደንቡ የምትጽፉበት እጅ ይላል። እኔ የምጽፈው በዚህ ነው።»

 አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ! ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ወጣት ግራ እጇን ከፍ አድርጋ «እኔም! እኔም!» አለች። ሌላም እጅ። ሌላም። ሽማግሌው ሳይቀሩ አየር ጨብጠው እጃቸውን ያዩ ነበር። «ሦስት ዓመቴ!» አሉ ለራሳቸው። የሳቸውም መጻፊያ እጅ ግራ ነበረች።


ኅዳር 13

ጉሮሮዬ ተዘግቷል። ስንት ሰው አወራሁ? አንዱ «ምስክር ሆን ብሎ መጨመር» ጥሩ ዘዴ ነው፣ ከየት አመጣችሁት አለ። ከጎረቤት አልኩት።


ታኅሣሥ 6

ጽሑፉ ወጣ። ታትሞ። ወረቀት ላይ።

ስሜ ሦስተኛ ነው። ፊደሉ ልክ ነው። ሴት ነኝ። ምስጋናው ውስጥ ደግሞ በደቃቅ ፊደል፦ «ለአንድ ያልተጠራ እንግዳ፣ አቅጣጫ ስላሳየን።» አቶ ጥምዝ አንብቦ ጢሙን እያሻሸ ለመላው ሕንፃ አሳየ። ቤተሰቡ በታሪክ ተጻፈለት።

መዝገቡ ሽፋን ላይ ያለው ደንብም ተቀይሯል። «የምትጽፉበትን» ተሰርዞ «ቀኝ» ተጽፏል፤ ከጎኑ ቅንፍ ውስጥ «የማትጽፉበት ቢሆንም»። እኔ ነኝ እንድጽፈው የተደረግኩት። በግራዬ።

አንዱን ቅጂ ቤት ወሰድኩ። አባዬ በብሎን ነው ግድግዳ ላይ ያሰረው፣ አራቱንም ጥግ፣ ለአንድ ወረቀት! የሰቀለው ከኮሪደሩ መስታወት ፊት ለፊት ነው። መስታወቱ ውስጥ ሲታይ ገመዱ ግራ ነው። «ስህተትሽን ማየት ስትፈልጊ ወደዚያ ዙሪ፤ ልኩን ስትፈልጊ ወደዚህ» አለኝ።

እማዬ ግን ሌላ ቅጂ ፈለገች፣ የራሷን። የድሮ አስተማሪ ጓደኞቿን ልታሳይ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ስምሽ ያለበት ጋ ፈርሚልኝ» አለች። እስክሪብቶ ሰጠችኝ።

እኔ እሷ ፊት ነኝ፣ የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው... ሳላስበው እስክሪብቶውን ወደ ቀኝ እጄ አዛወርኩት።

እማዬ እጄን መታ አደረገችኝ።

«በምትጽፊበት!»